ፕሉቶን ያወጣት እጅ ማውጣት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ምጽፍላችሁ ከምስራቅ ጎጃም ከቢቸና ነው፣ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ባለፈው ሰሞን የሳይንስ ገጻችሁ ላይ ስለ ፕሉቶ የወጣውን ጽሁፍ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ጽሁፉ ባጭሩ ሚለው ፕሉቶ ፕላኔት ነበረች፣ በ1998 ዓ.ም ጥቂት ሳይንቲስቶች ፕራግ ከተማ ተሰብስበው እጅ አወጡና አባረሯት፣ ነገ ደሞ ሌሎች ተሰብስበው እጅ ካወጡ ትመለሳለች ነው። መጨረሻው ላይ ሳይንስም እንደ ምርጫ በድምፅ ብልጫ ሚወሰን ሆኗል ትላለች አንዲት አረፍተ ነገር፣ እኔን ያስነሳችኝ እሷ ናት። ተማሪዎቼ ጽሁፉን በስልካቸው አንብበውት ኖሮ አንዷ ክፍል ውስጥ ተነስታ "ቲቸር፣ እንግዲያው ሳይንስ ማለት ሰዎች የተስማሙበት ነገር ነው?" አለችኝ። ይሄ በዋዛ ሚታለፍ ጥያቄ አይደለም፣ ስለ ፕላኔት እንዲህ ብሎ ያሰበ ልጅ ነገ ስለ ክትባቱም ስለ አፈር ምርመራውም እንደዛው ነው ሚያስበው። ክፍል ውስጥ የመለስኩላትን ሰፋ አድርጌ ለአንባቢዎቻችሁም ልጻፈው ብዬ ነው፣ ረዘም ይላል ግን እባካችሁ ከመሃል አትቁረጡት።

ድምፅ መሰጠቱ እውነት ነው ማንም አይክደውም። ነሐሴ 18 ቀን 1998 ዓ.ም (በፈረንጆቹ ኦገስት 24 ቀን 2006) የዓለም አቀፉ አስትሮኖሚ ኅብረት ፕራግ ላይ ጉባኤውን ሲያገባድድ ነው። ኅብረቱ በሺህ የሚቆጠሩ አባላት አሉት፣ አዳራሽ ውስጥ ቆይተው ድምፅ የሰጡት ግን 424 ያህል ናቸው፣ በዚህ የተቆጡ ሳይንቲስቶች አሉ ቁጣቸውም ይገባኛል። የጸደቀው ትርጉም ሶስት ነገር ነው ሚጠይቀው፣ በፀሐይ ዙሪያ መዞር፣ በራሱ ስበት ድብልብል ለመሆን ሚበቃ ክብደት መያዝ፣ እና የምህዋሩን (ሚዞርበትን መንገድ) አካባቢ ከሌሎች አካላት ያጸዳ መሆን። ፕሉቶ ሁለቱን አለፈች ሶስተኛው ላይ ወደቀች፣ ድንክ ፕላኔት ተባለች፣ ሴሬስና ኤሪስ ሚባሉ ሌሎች አካላትም አብረዋት እዛ ክፍል ገቡ፣ በኋላ ደሞ ማኬማኬና ሃውሜያ ተጨመሩ። እስከዚህ ጽሁፋችሁ ልክ ነው፣ ሚሳሳተው ታሪኩን ከዚች ቀን ሲጀምረው ነው። ከዛ በፊት ያለውን የማያውቅ ሰው በርግጥም እጅ ማውጣቱን ብቻ ነው ሚያየው።

የሴሬስን ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1801 (ከዚህ በኋላ ዓ.ም ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው) የዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ላይ ጁሴፔ ፒያትሲ ሚባል ጣልያናዊ ቄስና አስትሮኖመር ሲሲሊ ደሴት ፓሌርሞ ላይ ሆኖ በማርስና በጁፒተር መሃል ምትሄድ አዲስ ነገር አየ። ቦታው እዚህ ጋ አንድ ፕላኔት ጎድሏል ተብሎ ሲፈለግበት የነበረ ቦታ ስለሆነ ፕላኔት ተገኘ ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ፓላስ ተገኘች፣ በ1804 ጁኖ፣ በ1807 ቬስታ፣ ሁሉም እዛው ሰፈር። አራቱም በየመጽሐፉ ፕላኔት ተብለው ተጻፉ፣ ለአስርት ዓመታትም እንደዛው ተቆጠሩ። ከ1845 ወዲህ ግን እዛው ሰፈር ሌላ፣ ሌላ፣ ደሞ ሌላ እየተገኘ ቁጥሩ ሲበዛ ጊዜ እነዚህ እኮ እያንዳንዳቸው መንገዱን ለብቻው የያዘ አካል አይደሉም፣ አብረው ሚሄዱ ብዙ ናቸው ተባለና አስትሮኖመሩ ኸርሸል በ1802 ያወጣላቸው አስትሮይድ ሚለው ስም ጸናባቸው። ሴሬስ ከፕላኔትነት የወጣችው እንዲህ ነው፣ ቀስ በቀስ፣ አንድም ጉባኤ ሳይጠራ አንድም እጅ ሳይወጣ። ያስወጣት ጎረቤት መብዛቱ ነው። እንግዲህ ይሄንን ይዛችሁ ወደ ፕሉቶ ኑ።

ፕሉቶን ያገኛት ክላይድ ቶምቦ ነው፣ በካንሳስ እርሻ ላይ ያደገ የገበሬ ልጅ፣ ያኔ ዩኒቨርሲቲ እንኳን ያልገባ የ24 ዓመት ወጣት። አሪዞና ውስጥ ሎዌል ኦብዘርቫቶሪ ሚባል የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ ተቀጥሮ በተለያየ ሌሊት የተነሱ የሰማይ ፎቶዎችን እያስተያየ፣ ከዛ ሁሉ ኮከብ መሃል ቦታዋን የቀየረችውን አንዲት ነጥብ በ1922 ዓ.ም የካቲት ላይ ለየ። ስሟን ያወጣችላት ደሞ የኦክስፎርድ ልጅ ናት፣ ቬኔሺያ በርኒ፣ 11 ዓመቷ ነበር። ሁለቱንም ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግር ፊታቸው ላይ ማየውን ነገር ብታዩት፣ አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ናቸው እኮ።

መጀመሪያ ስትገኝ ፕሉቶ መሬትን ታክላለች ተብሎ ነበር የተገመተው። ከዛ በየጊዜው ሲለካ ግምቱ እያነሰ እያነሰ ሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ጄምስ ክሪስቲ ካሮን ምትባለውን ጨረቃዋን ሲያገኝ ደሞ የሁለቱን ዙረት አይቶ ክብደቷን በደንብ ማስላት ተቻለ፣ የኛን ጨረቃ አንድ ስድስተኛ ገደማ ነው ምትመዝነው። ጨረቃን! እንዲህም ሆና ለብቻዋ እስከነበረች ድረስ ማንም አልነካትም። በ1992 ዴቪድ ጁዊትና ጄን ሉ ከሃዋይ ሆነው እዛው ሰፈር ሌላ አካል አገኙ፣ ከዛ ወዲህ ኩይፐር ቀበቶ በሚባለው አካባቢ በሺህ የሚቆጠሩ ተገኝተዋል። በ2005 ማይክ ብራውንና ባልደረቦቹ ኤሪስን ይዘው መጡ፣ በስፋት ከፕሉቶ ለጥቂት ነው ምታንሰው (2,326 ኪሎ ሜትር ለ2,377)፣ በክብደት ግን ከሩብ በላይ ትበልጣታለች። አሁን ምን ይባል? ፕሉቶ ፕላኔት ከሆነች ኤሪስን በምን አፍ ነው አይደለሽም ምንላት። ፕራግ ላይ መጀመሪያ የቀረበው ረቂቅ እንደውም ሴሬስንና ካሮንን ኤሪስንም ጨምሮ ፕላኔቶቹን 12 ሊያደርጋቸው ነበር፣ ብዙ ክርክር ተነስቶበት ነው የተቀየረው። ስለዚ ጉባኤው እጅ ከማውጣቱ በፊት ነገሩ ሰማይ ላይ ተፈጽሞ ያለቀ ነበር፣ በሴሬስ የደረሰው ነው በፕሉቶም የደረሰው። እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 2006 ፕላኔት ተብላ የቆየችው 76 ዓመት ነው፣ በባሕረ ሐሳብ የዘመን ቆጠራ አንድ ማኅተም ማለት ነው፣ በዛ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ግን እሷ ፀሐይን አንድ ጊዜ እንኳን አልዞረችም፣ አንዱ ዙሯ 248 ዓመት ነው።

ዋናው ማሳያ ግን ቁጥሩ ነው፣ ጋዜጣችሁ ላይ እንዲወጣ ምፈልገው ይሄ ነው። ስቲቨን ሶተር ሚባል አስትሮኖመር በዛው በ2006 አንድ ቀላል ስሌት ሰራ፣ የአንዱን አካል ክብደት ወስዶ በምህዋሩ አካባቢ ላለው ለሌላው ሁሉ ድምር ማካፈል ነው። መሬት ከሌላው ድምር 1.7 ሚሊዮን ጊዜ ትበልጣለች። ኔፕቲዩን 24 ሺህ ጊዜ ይበልጣል፣ ከስምንቱ ትንሹን ቁጥር ያገኘውም በሺዎች ጊዜ ነው ሚበልጠው። ሴሬስ ጋ ስንመጣ ግን 0.33፣ ፕሉቶ ጋ ከ0.1 በታች። ከሺዎች ወደ 0.33! በመሃል ምንም የለም፣ ባዶ ነው። ማንም ሰው በፈለገበት ቦታ መስመር ያስምር ብትሉት ይሄንን ክፍተት አይቶ ሌላ ቦታ ማስመር አይችልም። ፕላኔቶች ስምንት ናቸው ምለው ለዚህ ነው፣ ፕራግ ላይ ስለተባለ አይደለም።

እዚህ ጋ ሁሌ ሚመጣ ተቃውሞ አለ፣ ኔፕቲዩንም እኮ መንገዱን አላጸዳም፣ ፕሉቶ ራሷ መንገዱን ታቋርጣለች ይባላል። እውነት ነው ታቋርጣለች፣ ግን እንዴት እንደምታቋርጥ ይታይ። ኔፕቲዩን ሶስት ጊዜ ሲዞር ፕሉቶ ልክ ሁለት ጊዜ ትዞራለች፣ የሱ ዙር 165 ዓመት ገደማ ነው ሶስቱ 495፣ የሷ ሁለቱ 496፣ አስሉት። በአጋጣሚ አይደለም፣ የኔፕቲዩን ስበት ነው በዛ ልክ የያዛት፣ ስለዚህም መቼም አይጋጩም። ከመንጋው ትልቋ በግ ብትሆንም መንጋውን ሚነዳው እረኛው ነው፣ እሷም እሱ በወሰነላት ነው ምትሄደው። የጁፒተርን ምህዋር ተጋርተው ከፊቱና ከኋላው ሚሄዱት አስትሮይዶችም እንደዚሁ ናቸው፣ ጁፒተር ነው ያሰለፋቸው።

ሰፈራችን ባሕረ ሐሳብ ሚያስተምሩ የኔታ አሉ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ነው፣ በቅኔውም በቁጥሩም አንቱ የተባሉ። ይሄንን ክርክር ከተማሪዎች ሰምተውት ኖሮ መንገድ ላይ አስቆሙኝና "ኸናንተ ዘንድ ስንት ሆኑ አሉ?" አሉኝ። ስምንት ናቸው የኔታ አልኳቸው። "በድሮው ቆጠራ ፀሐይና ጨረቃ ገብተው ሰባት ናቸው፣ ምነው ልጄ ፀሐይን ያህል ነገር አወጣችኋት?" ጥያቄያቸው ከማንኛውም ጋዜጣ የጠለቀ ነው። እውነትም ግሪኮቹም ሌሎቹም ጥንታውያን በባዶ ዓይን ከኮከቦቹ መሃል ሲንቀሳቀሱ ሚታዩትን ሰባቱን ነበር ሚቆጥሩት፣ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ መሬት አልነበረችበትም። በ1543 የኮፐርኒከስ ሃሳብ ታትሞ ወጣና ከጊዜ በኋላ ተቀባይነት ሲያገኝ ፀሐይ ወጣች፣ ጨረቃ ወጣች፣ ምንኖርባት መሬት ገባች። ከዚህ ጋር ሲተያይ የፕሉቶ መውጣት ምንድነው! ይሄንኑ ነገርኳቸው፣ ምክንያቱንም ነገርኳቸው፣ ዝም ብለው ሰምተው ሲጨርሱ "ምክንያት ካለውማ መልካም ነው፣ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሠላሳ ሚሆኑት እኛ ስለተስማማን አይደለም፣ ጨረቃዋ ናት" አሉኝ፣ ሁለቱ የባሕረ ሐሳብ ማስሊያ ቁጥሮች ናቸው። ያቺን ተማሪዬን ወስጄ እሳቸው ዘንድ ባስቀምጣት ከኔ በተሻለ ያስረዷት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሌላውን ወገን ግን አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም፣ ፕሉቶ ፕላኔት ናት ሚሉት ሰዎች ተራ ሰዎች አይደሉም። ዋናው አለን ስተርን ነው፣ ኒው ሆራይዘንስ የተባለችውን መንኮራኩር ወደ ፕሉቶ የላከውን ቡድን የመራ። መንኮራኩሯ የተነሳችው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2006 (ጥር 1998 ዓ.ም) ነው፣ ስትነሳ ፕሉቶ ገና ፕላኔት ነበረች፣ ሐምሌ 7 ቀን 2007 ዓ.ም በ12,500 ኪሎ ሜትር ርቀት ስታልፋት ድንክ ፕላኔት ሆና ጠበቀቻት። ያመጣችው ፎቶ ግን ጉድ ነው፣ ከውሃ በረዶ የተሰሩ ሺህ ሜትሮች ከፍታ ያላቸው ተራሮች፣ ወደ ሺህ ኪሎ ሜትር ሚሰፋ የናይትሮጅን በረዶ ሜዳ፣ ስስ አየር፣ አምስት ጨረቃዎች። ስተርንና መሰሎቹ ሚሉት ነገሩ በምን ዙሪያ ይዞራል ሳይሆን ራሱ ምን አይነት ነው ተብሎ ይጠየቅ፣ በስበቱ ድብልብል የሆነና ኮከብ ያልሆነ ሁሉ ፕላኔት ነው። በዚህ ስሌት ከ100 በላይ ፕላኔት ይኖረናል፣ የኛ ጨረቃም ትገባለች፣ የጁፒተሩ ጋኒሜድ (5,268 ኪሎ ሜትር) እና የሳተርኑ ታይታን (5,150) ሁለቱም ከሜርኩሪ (4,879) ይሰፋሉና በርግጥም ድንጋይና በረዶ ለሚያጠና ሰው እነሱን ከሜርኩሪ ጋር አንድ ላይ ማየት ይጠቅመዋል። ይሄ የከበረ ክርክር ነው። እኔ ማልቀበለው ግን ለትምህርት ቤት ነው፣ ተማሪ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ሥርዓተ ፀሐይ እንዴት እንደተሰራ ነው፣ ስምንት ትልልቅ አካላት መንገዱን ተከፋፍለው እንደያዙት፣ ሌላው ሁሉ በነሱ ስበት እንደተሰለፈ፣ ይሄንን 100 ስም ውስጥ ብትከቱት ይጠፋል። እንጂ ፕሉቶ ውብ ናት፣ ማጥናትም ይገባል፣ ድንክ ስለተባለች ምታጣው ነገር የለም።

ማዝነው በሌሎቹ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኢሊኖይ ግዛት ሴኔት በ2009 ፕሉቶ ፕላኔት ናት ብሎ ወሰነ፣ ቶምቦ የተወለደው እዛ ስለሆነ፣ አሪዞና ደሞ በ2024 ፕሉቶን የግዛቲቱ ፕላኔት ናት ሚል ሕግ አወጣች። ሳይንስ በድምፅ ሆነ ካላችሁ መጻፍ የነበረባችሁ ስለነዚህ ነው።

አሁን ደሞ የፕራጉን ውሳኔ ልተቸው፣ ቁጥሩ ልክ ነው ብያለሁ አረፍተ ነገሩ ግን ልክ አይደለም። አንደኛ ያጸዳ ይላል እንጂ ምን ያህል ያጸዳ እንደሆነ በቁጥር አያስቀምጥም፣ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ የመጣው ከዛ ነው፣ ከላይ የጻፍኩትን አይነት ቁጥር ቢያስገቡበት ኖሮ ግማሹ ክርክር ባልተነሳ። ሁለተኛውና ለኔ ከሁሉ ሚብሰው ትርጉሙ በፀሐይ ዙሪያ ሚዞር ብቻ ነው ሚለው። በ1995 ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ ሌላ ፀሐይ መሰል ኮከብ ሚዞር ፕላኔት አግኝተው ነበር፣ በ2019 ኖቤል ያሸለማቸው ይሄ ስራ ነው፣ ዛሬ እንዲህ አይነቶቹ ከ5,000 በላይ ተረጋግጠዋል። ታዲያ በፕራጉ ትርጉም እነዚህ ሁሉ የሉም።

የኛም አለ እኮ እዛ ውስጥ። በ2012 ዓ.ም ያው ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ስም ታወጡላቸዋላችሁ ብሎ ሲሰጥ ለኢትዮጵያ የደረሳት በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ በኩል ያለ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ሚርቅ ኮከብ ነው፣ ኮከቡ ቡና ተባለ፣ ሚዞረው ፕላኔት አቦል። አቦል ግዙፍ ነው፣ ከጁፒተር አራት እጥፍ በላይ ይመዝናል። ብዙ ኢትዮጵያዊ ይሄንን አያውቅም፣ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዳንዶቹ ቲቸር ቀልዱን ነው ብለው ነበር፣ እውነት ነው ልጆች። እና ስም አውጡለት ብሎ የሰጠን ኅብረት ራሱ ያጸደቀው ትርጉም አቦልን አያካትትም፣ በፀሐይ ዙሪያ አይዞርማ! ይሄ መስተካከል አለበት። ደግነቱ እየተሞከረ ነው፣ ኅብረቱ ነሐሴ 2016 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ ጉባኤውን አፍሪካ ውስጥ ኬፕታውን ላይ ሲያደርግ ዣን-ሉክ ማርጎና ባልደረቦቹ አዲስ ትርጉም ይዘው ቀርበዋል። በነሱ አባባል ፕላኔት ማለት አንድ ወይም ከዛ በላይ ኮከብ ወይም የኮከብ ቅሪት ሚዞር፣ ክብደቱ 1 ተጽፎ 23 ዜሮ ከሚከተለው ኪሎ ግራም ሚበልጥ፣ ከ13 ጁፒተር ክብደት ደሞ ሚያንስ ነው። ሜርኩሪ ከታችኛው መስመር ሶስት እጥፍ በላይ ስለሆነች ታልፋለች፣ ፕሉቶ ከመስመሩ ከሰባት እጥፍ በላይ ታንሳለች፣ አቦል ያለ ምንም ጥያቄ ይገባል። ስምንቱ ስምንት ሆነው ይቀራሉ ምክንያቱ ግን ሚለካ ይሆናል፣ ሚዛን ላይ ሚቀመጥ። እኔ ምደግፈው ይሄንን ነው።

ከናንተ ምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ጽሁፉን ላነበቡት ልጆች ስትሉ የሴሬስን ታሪክና የሶተርን ቁጥሮች በሚቀጥለው እትም አውጡላቸው፣ በሰንጠረዥ ቢሆን ደሞ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ለዚህ አይነት ነገር ጋዜጣ ነው ያለው። ሌላው ለፈተና አውጪዎች ነው፣ በናንተ በኩል ይድረስልኝ። ፕላኔቶች ስንት ናቸው፣ ሀ) 7 ለ) 8 ሐ) 9 ምትለው ጥያቄ ከየክፍሉ ትውጣ። ቁጥሩን ሸምድዶ ለ ሚለውን ያከበበ ልጅና ለምን እንደሆነ የገባው ልጅ በሷ አይለዩም፣ በቦታዋ ኤሪስና ፕሉቶ ክብደታቸው ይሄን ይሄን ያህል ነው፣ አካባቢያቸው ያለው ይሄን ያህል ነው፣ ፕላኔት ናቸው ወይስ አይደሉም ምክንያትህን ጻፍ ተብሎ ይጠየቅ። ስተርንን ደግፎ በምክንያት አዎ ናቸው ብሎ የጻፈ ልጅ ቢገኝ እኔ ሙሉ ማርክ እሰጠዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የፊዚክስ መምህር፣ ከቢቸና